ክፉ ሰው ሆኖ ለሚጫወት ተዋናይ ምስጋና ይገባዋል

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በዚህ ዓምድ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራትና ስለ ገበያ ዋጋ ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈት ወሬ የሚመስል፣ ጠልቀው ሲያስቡት ግን ከብዙ ሰው ቤት ሐዘን ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ነው። ይኸውም በሲኒማና በቴሌቪዥን ክፉ ሰው ሆነው የሚጫወቱ ተዋንያን ለሕዝብ የሚሰጡት ጥቅም ነው። በሐሳቤ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ አንባብያን እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ ፍራንክ ፊንሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ተዋናይ ነው። እኔ በቦንጋ ከተማ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት ልጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በኮምፒዩተር የሚታዩ የቆዩ ፊልሞች አምጥቶልኝ ነበርና ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለኝ ሰሞን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከእነዚያ መካከል ሦስቱ ላይ ያው አንድ ሰው ሦስት ዓይነት ፍጡር ሆኖ ቢታየኝ ስሙን መዝግቤ ያዝሁ፤ ከዚያ በኋላም የሠራውን ሁሉ እየፈለግሁ ማየት ልማዴ ሆነ። በሰፈራችንም አብረውኝ የሚያዩ አራት አምስት ሰዎች አሉና «ዛሬስ የእንግሊዙ ሰውዬ የለም ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ፍራንክ ፊንሌይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በላንካሺር አውራጃ፣ ፋርንወርዝ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከትልቅ ቤት የወጣ ሰው አልነበረም፤ በወጣትነቱ የሥጋ ሻጭነትን ሙያ ተምሮ ሠርቷል። በኋላ ግን ወደ ቴአትር ትምህርት ቤት ገብቶ በመድረክ፣ በሲኒማና በቴሌቪዥን ከ50 ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሮ በ2016 በ89 ዓመቱ ዐረፈ። በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን በ1971 ካዛኖቫን ሆኖ ተጫወተ። በ1973 የአዶልፍ ሂትለርን የመጨረሻ ቀኖች በሚያሳየው ድራማ ሂትለርን ሆኖ ቀረበ። በዚያው ዓመት ደግሞ «ሦስቱ ሙስኬተሮች» በተባለው ሲኒማ ውስጥ ደግና አዝናኝ የሆነውን ፖርቶስን ሆነ። የወንጀል ነገር በሚነገርባቸው ፊልሞችም ቢሆን በ1965 እና በ1979 በወጡ ሁለት የሸርሎክ ሆምስ ፊልሞች ውስጥ የፖሊሱን መርማሪ የሌስትሬድን ቦታ ይዞ ተጫውቷል። ሌባውንም ሌባ ያዡንም መሆን የሚችል ሰው ነበር ማለት ነው።

እርሱን በዓለም ያስጠራው ግን ኢያጎ ነው። የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶት በአገራችን መድረክ የታየ ስለ ሆነ ብዙ አንባብያን ታሪኩን ያውቁታል። ኢያጎ ጌታውን በውሸት አናዶ፣ ንጹሕ ሚስቱን በገዛ እጁ እንዲገድላት የሚያደርግ ሰው ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ በዚያ ቴአትር ውስጥ ኢያጎን «ታማኝ» የማይለው ሰው የለም። ሁሉም ያምነዋል፤ ሁሉም ምክር ይጠይቀዋል። ፊንሌይ በለንደን መድረክ ይህን ሲጫወት ኦቴሎን የሆነው ሎሬንስ ኦሊቪየር ግርማው አዳራሹን ይሞላ ስለ ነበር፣ ፊንሌይ ደበዘዘ ያሉት ሰዎች ነበሩ። በ1965 ቴአትሩ ወደ ሲኒማ ተቀርጾ ካሜራው ፊቱን ከቅርብ ሲያሳይ ግን ደብዛዛ የተባለው ነገር ሁሉ ታላቅ ጥበብ ሆኖ ተገኘና ለኦስካር ሽልማት ታጨ። ሰውየው አይጮህም፤ አይፎክርም፤ ጥርሱን አያፋጭም። እንደ ማንኛውም የሚታመን ወዳጅ ዝግ ብሎ ይናገራል። የእኛ አባቶች «አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ» የሚሉት እርሱን ዓይቶ የተነገረ ይመስላል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ1965 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር «ሻፍት በአፍሪቃ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም ወጣ። ከሥዕሉ ከፊሉ የተነሣው በኢትዮጵያ ምድር ነው። ዋናውን ሰው ሻፍትን የተጫወተው ሪቻርድ ራውንድትሪ ሲሆን፣ የእኛው ደበበ እሸቱም ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫውቶበታል። የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው፤ አማፊ የተባለ ባለጸጋ የአፍሪቃን ጎልማሶች በሥራ ስም እያሰበሰበ ወደ ፈረንሳይ አገር ያሻግራል፤ እዚያ ሲደርሱም እንደ ባሪያ ጉልበታቸውን ይበዘብዛል። ይህን ጉድ ለማፍረስ ሻፍት ከአሜሪካ ተጠርቶ ይመጣል። አማፊን ሆኖ የተጫወተው እንግዲህ ያው ፍራንክ ፊንሌይ ነው።

ይህን ፊልም ባየሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ሳልደብቅ ልናገር።

ከስድስት ዓመት በፊት አስተምሬው የነበረ አንድ ልጅ ከአባቱ ጋር ወደ ቤቴ መጣ። አንድ ሰው ወደ ውጭ አገር ሊልከው ቃል ገብቶለት ስለ ነበር አባትየው ምክሬን ፈለጉ። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ሰውየውን ያነጋግሩልኝና እውነተኛ መሆኑን ይንገሩኝ» አሉኝ። ሰውየውን አነጋገርሁት። ልብሱ ንጹሕ ነው። አነጋገሩ ትሑት ነው። ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣል። እኔንም «አባቴ» እያለ ጠራኝ። ቡና ሲቀርብለት መጀመሪያ ለእኔ እንዲሰጥ አደረገ። እኔም ለአባትየው «ጨዋ ሰው ይመስላል» አልኋቸው። ይህችን አንዲት ቃል ይዘው ሄደው የጫካ ቡናቸውን ምርት ገና ሳይለቀም በርካሽ ሸጡ፤ ሁለት በሬም ጨመሩበት። ልጁ ከሄደ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ስልክ ደወለ፤ እርሱም ገንዘብ ካልተላከ አንለቅህም እንዳሉት ለመናገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። አባትየው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ዛሬም ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያን ጊዜ ለምን ተታለልሁ ብዬ ራሴን ብዙ ጠይቄአለሁ። መልሱ ይህ ይመስለኛል፤ በልጅነቴ ያየኋቸው ፊልሞችና ቴአትሮች ክፉ ሰው ማለት ጠባሳ ያለው፣ ዓይኑ የቀላ፣ ሲገባ ሙዚቃው የሚያስፈራ ነው ብለው አስተምረውኝ ነበር። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ ጠባሳ ያለውን ሰው ስጠብቅ ንጹሕ ልብስ የለበሰው በፊት በር ገባ። የኢያጎን ዓይነት ሰው አስቀድሜ ባየሁት ኖሮ፣ ወይም ያየ ሰው በነገረኝ ኖሮ፣ ቢያንስ አንድ ጥያቄ እጠይቅ ነበር።

ፊልሙን ካየሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሰው ወደ ጎረቤቴ ቤት መጣ። የቤቱ ልጅ አሥረኛ ክፍልን ገና ያልጨረሰች ናት። ወደ ዓረብ አገር እንድትሄድ፣ እናቷም በየወሩ ገንዘብ እንዲላክላቸው ነገሩን አጣፍጦ ያቀርባል። እናቲቱን «እናቴ» ይላቸዋል። እኔም ተጠርቼ ነበርና ገብቼ ተቀመጥሁ። አጠገቡ ሆኜ ሳየው ፊንሌይን ከቅርብ የሚያሳየው ያ ካሜራ ትዝ አለኝ። አልተቆጣሁም፤ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ሠራተኛ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አለህ ወይ? ልጅቱ 18 ዓመት ስላልሞላት ሕጉ እንዴት ይፈቅድልሃል? የቪዛውንና የአውሮፕላኑን ዋጋ የሚከፍለው አሠሪው መሆኑን ሕጉ እያዘዘ ይህን ገንዘብ ከእነዚህ ምስኪኖች የምትጠይቀው ለምንድን ነው? ሰውየው ፈገግ አለ። «አባቴ፣ ወረቀቱን ነገ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም። ልጅቱም ዘንድሮ ትምህርቷን በመከታተል ላይ ናት። ይህን የማወራው ጎበዝ ነኝ ለማለት አይደለም፤ አንዱን አጥፍቼ አንዷን ማትረፌን ለመናገር ነው።

በካፋ ምድር ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ሊያንገበግበን ይገባል። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከተያዙ በኋላ ከዚህ አገር ብዙ ሕዝብ እየተጋዘ ባሪያ ሆኖ ተሸጧል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የባሪያ ንግድ በምድራችን ነበረ፤ እውነቱን መሸፋፈን አይገባም። አገራችን በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ተከለከለ። አያቶቻችን በገመድ ታስረው የወጡበትን መንገድ ዛሬ ልጆቻችን የአባታቸውን በሬ ሸጠው፣ ከፍለው ይሄዱበታል። ልዩነቱ የያኔው ሻጭ ጅራፍ ይይዝ ነበር፤ የዛሬው ተንቀሳቃሽ ስልክ ይይዛል። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ የሚያሻግርና የሚነግድ ሁሉ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በብርቱ የሚቀጣ ቢሆንም፣ ሕግ የሚደርሰው ሰው ሲከሰስ ነው። ሰው የሚከሰሰው ደግሞ የተበደለው ወገን መታለሉን ሲያውቅ ነው። ማወቅ ከየት ይምጣ?

አንዳንድ ወዳጆቼ «የወንጀል ፊልም ወጣቱን ሌብነት ያስተምራል፤ ይህ ሁሉ ቢቀር ይሻላል» ይሉኛል። ሐሳባቸው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ክፉውን ሰው በሚያብረቀርቅ መኪናና በውድ ልብስ አስጊጦ፣ የበደለውን ሰው ግን ፊቱን እንኳ ሳያሳይ የሚያልፍ ፊልም አለ፤ ይህ ጎጂ ነው። «ሻፍት በአፍሪቃ»ም ቢሆን ከነቀፋ የራቀ አይደለም። ለሕፃናት የማይገባ ብዙ ነገር አለበት፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ አፍሪቃዊውን የሚያድን ጀግና ከኒውዮርክ ይመጣል ብሎ ማሳየቱ እኔን አያስደስተኝም። ለእኛ ሻፍት አይመጣልንም። የጎረቤቴን ልጅ ሊያድናት የሚችለው እናቷ፣ ጎረቤቷና መምህሯ ናቸው። ነገር ግን ክፉ ሰው በጥሩ ተዋናይ ሲቀርብ ትምህርቱ ሌብነት አይደለም፤ ሌባን መለየት ነው። ሐኪም ስለ መርዝ የሚማረው ሰው ለመግደል አይደለም።

በአገራችንም ለዚህ ምስክር አለ። «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሚታይበት ዘመን አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲጫወት በቦንጋ ቡና ቤቶች ወንበር ይጠፋ እንደ ነበር በዓይኔ አይቻለሁ። አስናቀ ሀብታም ነው፤ የተከበረ ነው፤ ግን ከጀርባው ወንጀል አለ። ሰዉ አስናቀን ከመጥላቱ የተነሣ ተዋናዩን ጭምር የሚራገም አላጣም ነበር። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን «ይህ ሰው ቤቱ ሲገባ ልጆቹ እንዴት ይቀርቡታል?» ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ይህ ርግማን ከጭብጨባ የሚበልጥ ሽልማት ነው። ተዋናዩ ሥራውን ያልሠራ ቢሆን ማን ይራገመው ነበር? በሰርጉ ላይ ሙሽራውን የሚመስል ቆንጆ ሆኖ መታየት ለማንም ደስ ይላል፤ ሕዝብ እንዲጠላህ ፈቅደህ ክፋትን አጋልጦ ማሳየት ግን ራስን መስጠት ነው። ስለዚህ የደጉን ሰው ቦታ ለሚጫወቱት ከሚሰጠው ምስጋና ለክፉዎቹም እንዲካፈል አሳስባለሁ።

ስለ ፊንሌይ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በ2002 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው «ፒያኒስቱ» በተባለ ሲኒማ ላይ እርሱ የዋርሶ ከተማ ነዋሪ የሆኑ የአንድ አይሁዳዊ ቤተሰብ አባት ሆኖ ተጫውቷል። ቤተሰቡ ወደ ሞት በሚወስደው ባቡር ሊጫኑ ሲጠባበቁ፣ አባትየው በቀረቻቸው ገንዘብ አንዲት ከረሜላ ይገዛና በትንሽ ቢላ ቆራርጦ ለልጆቹና ለሚስቱ ያድላል። ሂትለርን የሆነው ሰው፣ አማፊን የሆነው ሰው፣ በዚህ ጊዜ ልጆቹን የሚያጣው አባት ነው። ይህን ባየሁ ጊዜ የዚያን የተማሪዬን አባት ባርኔጣ ሲያነሡ አየሁ። በ2006 ደግሞ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ስሙ በገነነው የፖሊስ ድራማ መጨረሻ ክፍል ላይ የመርማሪዋ አባት ሆኖ፣ አሮጌና ታማሚ ሰው ሆኖ ታየ። እንግዲህ አንድ ሰው የበዳዩንም የተበዳዩንም ፊት በአንድ ዕድሜ ሲያሳየን፣ ሁለቱም ከሰው ልጅ እንደሚወጡ ማስተማሩ ነው። ክፉው ከሌላ ዓለም አይመጣም፤ ቡና ተፈልቶለት ከእኛው ጋር ይጠጣል።

ስለዚህ በትሕትና የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ በግምቦ፣ በዴቻ፣ በጨናና በሌሎቹም ወረዳዎች ያሉ የትምህርት ቤት የድራማ ክበቦች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የደላላን ነገር የሚያሳይ ጨዋታ ቢያዘጋጁ፤ ጨዋታውም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በካፊኖኖ ጭምር ቢሆን። በሬውን የሚሸጡት እናትና አባት የሚሰሙት በቋንቋቸው ነውና። ደላላውን የሚጫወተው ልጅ ደግሞ እንዳይጮህና እንዳያጉረመርም መምህራን ይምከሩት፤ ለስለስ ብሎ «እናቴ፣ አባቴ» ይበል። ያን ጊዜ ተመልካቹ ሰውየውን ያውቀዋል።

ሁለተኛ፣ በቦንጋ የሚገኙት የዩኒቨርሲቲውና የመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ወጣቶች «ኦቴሎ»ን የመሰለውን የጸጋዬን ትርጉም በከተማችን ቢያሳዩን። አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትርና ሀገር ፍቅር ቴአትር አሏት፤ ታላላቆቹ ተዋንያን ግን ወደ እኛ የሚመጡት በሣጥኑ ውስጥ ብቻ ነው። ከጅማ ወዲህም ቴአትር የሚወድ ሕዝብ መኖሩን ቢያስቡልን ደስ ይለናል።

ሦስተኛ፣ ድራማ የሚጽፉ ደራስያን ደላላውን ሲስሉ ጠባሳውን እንዲተዉትና ፈገግታውን እንዲያስቀምጡለት እለምናለሁ።

አራተኛና የመጨረሻው ለወላጆች ነው። ልጃችሁን ሊወስድ የመጣ ሰው ጨዋ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ግን ጨዋነቱ ወረቀት አይደለም። ፈቃዱን፣ ውሉንና ወጪውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። እውነተኛ ሰው ከሆነ በጥያቄያችሁ አይከፋም። ምክር ፈልጋችሁ ወደ አንድ የተማረ ሰው ከሄዳችሁም፣ ያ ሰው «ጨዋ ይመስላል» ብቻ ብሎ ቢመልስላችሁ አትቀበሉት። እኔ ብያለሁና አውቀዋለሁ።

ለፍራንክ ፊንሌይ ምስጋናዬ አይደርሰውም፤ ከዚህ ዓለም ከተለየ ዓመታት አልፈዋል። በሕይወት ላሉት የአገራችን ተዋንያን ግን፣ በተለይም ሕዝብ እንዲጠላቸው ፈቅደው ክፉ ሰው ለሚሆኑልን፣ በዚህ ጋዜጣ በኩል እንዲደርሳቸው እጅ እነሣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቀድሞ መምህር
ከቦንጋ፣ ካፋ